ብረት ነክቶታል?

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ቆቦ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከአንድ ባትሪ ቻርጅ ቤት በር የመጣ ሽታ አፍንጫዬን ሰነጠቀው። አሲድ ነው። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ ፊቷን አጨፍግጋ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ፣ እኔ ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ደጋግሜ ሳብኩት። ባትሪ የሚሞላው ልጅ ግራ ገብቶት "እናቴ፣ ይጎዳሽ የለም እንዴ? ፈቀቅ በይ እንጂ!" አለኝ። ምን ያውቃል እሱ! ያ ሽታ የአባቴ ሽታ ነው።

አባቴ እንድሪስ ይባላል፤ ሰው ሁሉ "አያ እንድሪስ" ነበር የሚለው። አንጥረኛ ነው። ከዞብል እስከ ጎብዬ፣ በራያ ሴት አንገትና ቁርጭምጭሚት ላይ ካለው ብር ግማሹ በእሱ እጅ ያለፈ ይመስለኝ ነበር። አጋንኜ ከሆነም አጋነንኩ፣ አይቆጨኝም። የእኔ ሥራ ደግሞ ማንጣት ነበር። የእግር አልቦው ወይም የአንገት ድሪው ተቀጥቅጦ ከእሳት ሲወጣ ጥቁር ነው፤ እንኳን ሙሽራ ልታጌጥበት፣ የከሰል ስባሪ ነው የሚመስለው። ያን ጥቁረት የሚበላው አባቴ በአጭሩ "ውሃው" የሚለው ነገር ነው። ከባለ ባትሪዎቹ የተገዛ አሲድ፣ በብዙ ውሃ ቀጥኖ፣ በነጭ የፕላስቲክ ሳፋ ከበሩ ጀርባ ይቀመጣል። ብሩን እዚያ እከታለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ አወጣለሁ፣ በእንዶድ አሻለሁ። ሲወጣ እንደ ወተት ነጭ ነው።

ውሃው ሕይወት ያለው ይመስለኝ ነበር። አዲስ ሲሆን ንጹሕ ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ሰማይ ሰማይ ይላል፣ ከዚያ ጭራሽ ሰማያዊ ይሆናል። ያን ጊዜ አባቴ ሳፋውን አየት አድርጎ "ጠግቧል" ይልና ወስዶ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋዋል። እኔም እውነት ጠግቦ እንቅልፍ የያዘው ይመስለኝ ነበር።

የማይጣስ አንድ ሕግ ነበረው። ውሃው ውስጥ የሚገባው መቆንጠጫ ከሸምበቆ የተሰነጠቀው ብቻ ነው። "ዘይኑ፣ ብረት እንዳይነካው!" ይለኛል በቀን አሥር ጊዜ።

"ለምን አባ?"

"ደመኞች ናቸዋ። ሲገናኙ ደም ይወጣል።"

እንግዲህ በእኛ አገር ደመኛ ቀልድ አይደለም። በአንድ መንገድ የማይተላለፉ፣ አንዱ ገበያ ሲመጣ ሌላው የሚቀር ቤተ ዘመዶች አውቃለሁ። ስለዚህ አባቴ ያለውን እንዳለ ተቀበልኩት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የብረት ጉጠት ለአባቴ ሳቀብለው እንኳ፣ ከሳፋው ጋር እንዳይተያዩ በወናፉ በኩል ዞሬ ነበር የምሄደው። እናቴ አንድ ቀን አይታኝ "ይቺ ልጅ ምን ነክቷታል?" አለች። ምን ልበላት!

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ዩኒፎርሜ ላይ ውሃው እየተረጨ እዚህም እዚያም በስቶታል፤ የክፍላችን ወንዶች "ወንፊት" የሚል ስም አወጡልኝ። ሲብስባቸው ደግሞ "የቀጥቃጭ ልጅ" ይሉኛል፤ ያኛው የሚያመው ነበር። እናቶቻቸው በዓል ሲደርስ የሚያጌጡበት የማን እጅ ሥራ ሆነና!

ኬሚስትሪ የሚያስተምረን ቲቸር አድማሱ የሚባል፣ ሲራመድ ነፋስ የሚያወዛውዘው ቀጭን ወጣት ነበር። ቤተ ሙከራ የለንም። ያለው ቁልፍ የተበላሸ አንድ ቁም ሳጥን ነው፤ ውስጡ ጥቂት ጠርሙሶችና በአንድ ብልቃጥ ሰማያዊ ጠጠር። ያቺን ጠጠር ቲቸር እንደ ውድ ቅመም ቆንጥሮ ነበር የሚያወጣት። አንድ ቀን "አሲድና ውሃ ስትቀላቅሉ የቱን ወደ የቱ ነው የምትጨምሩት?" ብሎ ጠየቀ። እኔ እጄን አወጣሁ።

"አሲዱን ወደ ውሃው ነው ቲቸር። እንግዳ ወደ ቤት ይገባል እንጂ ቤት ወደ እንግዳ አይሄድም።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ግን አልሳቀም። ዞሮ ቃል በቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈውና "ማን አስተማረሽ?" አለኝ።

"አባቴ።"

"አባትሽ ትክክል ናቸው። ሁላችሁም ጻፉ!"

ጻፉ። "ወንፊት" የሚሉኝ ሁሉ የአባቴን ቃል በደብተራቸው ጻፉ። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ አስፋልቱ ጠበበኝ።

ጥር ገብቶ የሠርጉ ወቅት ሲደርስ፣ እትዬ ንግሥት የምትባል ሴት ከዋጃ መጣች። ልጇን ሙሉን ልትድር ነው። የሟች እናቷን ጠገራ ብሮች በጨርቅ ቋጥራ ይዛ፣ ጥንድ አልቦ እንዲሠራላት ነው የመጣችው። አባቴ እንደ ልማዱ "ቁጭ በይ ንግሥት፤ ብርሽ ሲቀልጥ በዓይንሽ እይ" አላት።

"ኧረ አያ እንድሪስ! አንተን ደግሞ ልጠብቅ? መኪናው ያመልጠኛል" ብላ ሄደች። አባቴ ከኋላዋ ራሱን እየነቀነቀ "ባለቤቱ ሲቀልጥ ያላየው ብር ሐሜት አያጣም" አለ። ማን ሰማው!

አልቦዎቹ በገበያ ቀን ነው ያለቁት። አባቴ ለቀትሩ፣ ለዙሁር ሶላት ሲወጣ "ንግሥት ዛሬ ትመጣለች፤ አንጪልኝ" ብሎኝ ሄደ። ትምህርቴ የከሰዓት ፈረቃ ነው፤ ሰዓቱ ደርሷል። አልቦዎቹን ሊጠግብ ጥቂት የቀረው ውሃ ውስጥ ከትቼ ላገላብጥ ስል የሸምበቆው መቆንጠጫ ከመሐሉ ቀሽ ብሎ ተሰበረ። እጅ አይገባ፣ ይፋጃል። ቀና ስል ጉጠቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ለአንድ ጊዜ ቢገናኙ ምን ይሆናሉ፣ ማንስ ያያል ብዬ ቢስሚላህ አልኩና ከተትኩት። ከትቼም አልቀረ፣ እዚያው አልቦዎቹ ላይ አስደግፌው ዩኒፎርሜን ልለብስ ጓዳ ገባሁ።

ስመለስ ሁለቱም አልቦዎች ቀልተዋል።

ደም! ውሃውና ብረቱ ተገናኝተው ደም አውጥተዋል። አወጣኋቸው፣ በእንዶድ አሸሁ፣ በአመድ ፈተግሁ፤ መቅላቱ ይብስ አንጸባረቀ እንጂ አለቅ አለ። በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩና ጉጠቱን ከወናፉ ጀርባ ወርውሬ ወደ ትምህርት ቤት በረርኩ። ከሰዓቱን ሙሉ ከቤታችን የሰው ሞት መርዶ እስኪመጣ ነበር የምጠብቀው።

መርዶ አልመጣም፤ የባሰ መጣ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃችን ገበያተኛ ሞልቶታል። አባቴ ጥቅልሉን ሳይፈታ ሰጥቷት ኖሯል፤ እትዬ ንግሥት መሐል ቆማ አልቦዎቹን ለሰው ሁሉ ከፍ አድርጋ ታሳያለች።

"እዩልኝ! የእናቴን ብር በልቶ መዳብ ቀላቀለብኝ! ብር ይቀላል? ቀልቶ የሚያውቅ ብር ያያችሁ አላችሁ?"

"ንግሥት፣ ስጪኝ" አለ አባቴ፣ እጁን ዘርግቶ። "እሳት ላሳየው፤ ይነጣል።"

"ቀብተህ ልታሳየኝ! አልሰጥም። ሽማግሌ ሳያየው ከእጄ አይወጣም።" ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው።

አባቴ አሻግሮ አየኝ። ፊቱ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። "ዘይኑ፣ ነይ እስቲ" አለኝ። ሰዉ ዞረ። "ብረት ነክቶታል?"

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ያ ሁሉ ዓይን ሲያፈጥብኝ ሌላው ቃል ቀድሞ ወጣ።

"አልነካውም።"

አባቴ ወደ ሰዉ ዞረ። "ልጄ አልነካውም ብላለች። ልጄ አትዋሽም" አለ።

ምነው ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቴ መዶሻ ዝም አለ። የመኪናው ጥሩምባና የባለ ሱቁ ሬድዮ ብቻ ይሰማል። አባቴ ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። በእሱ ቤት ብር የሚቀላበት መንገድ ሁለት ነው። ወይ ብረት ነክቶታል፣ ወይ ብሩ ከመነሻው ተበርዟል። ብረት እንዳልነካው ልጁ ነግራዋለች። እናቴ "እንግዲያው ጠገራዎቹ የተበረዙ ነበሩ በላቸው!" ስትለው "የሞተች ሴት ተነሥታ አትመልስልኝ። እሷን አላማም" አላት። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ ስሙን ሲያጣና የሌላ ሰው ስም ግን አላጠፋም ሲል ሰማሁ፤ ኮራሁበትም፣ አነባሁም።

ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ዋርካው ሥር ሊቀመጡ ተቀጠረ። ሰብሳቢው ሼህ ያሲን ናቸው። ውሳኔውም ተነግሯል፦ እንድሪስ መዳብ እንዳልቀላቀለ፣ ብረትም እንዳልነካው ይማል፤ ከማለ ነገሩ ያበቃል። ሌላው ነጋዴ "ወላሂ" ሳይል ክር አይሸጥም። አባቴ ግን "ወላሂ ሚዛን ላይ አይወጣም" ይል ነበር፤ ሲነግድ አንድም ቀን ምሎ አያውቅም። አሁን በእኔ ቃል ተማምኖ፣ ሰው ፊት፣ በሐሰት ሊምል ነው። ዱላው አልነበረም የሚያስፈራኝ። "ልጄ አትዋሽም" ያለውን አፍ ማሳፈሩ ነው እንጂ። ደግሞስ ብናገር ማን ያምነኛል? ብረት ብርን ደም ያለብሳል ብዬ ልናገር? አባቴ ይነጣል ቢልም፣ ብሩ ለዘላለም ተበላሽቶ ቢሆንስ?

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኬሚስትሪ ነበረን። ቲቸር አድማሱ ከዚያች ሰማያዊ ጠጠር ቆንጥሮ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጠበጣት። ቀና ብዬ አላየሁም ነበር። ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ "ዘይኑ፣ የቤታችሁን ውሃ!" ስትለኝ ቀና አልኩ። እውነትም ቀለሙ የእኛው፣ የጠገበው ውሃ ነው። ቲቸር አንድ ሚስማር ከተተበት። ቆይቶ ሲያወጣው ሚስማሩ ቀልቷል።

"ደም!" አልኩ፤ ጮኬ ኖሯል።

ሳቁ ሲበርድ ቲቸር "ደም አይደለም፣ መዳብ ነው" አለ። "ሰማያዊው ውሃ ውስጥ የማይታይ መዳብ ተበትኗል። ብረት ሲመጣ ራሱ ወደ ውሃው ይገባና መዳቡን ያስወጣዋል። መዳቡም ወጥቶ ያገኘው ላይ ይቀመጣል።" ከዚያ ሁለት የባትሪ ድንጋይ በሽቦ አያይዞ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አንጠልጥሎ በኤሌክትሪክ ያንኑ አሳየን፤ ማንኪያውም የመዳብ ልብስ ለበሰ።

ተነሣሁ። "ቲቸር፣ ብር ላይስ ይቀመጣል?"

"ብቻውን ከሆነ ብር ምንም አይሆንም። ብረት ተደግፎት ከሆነ ግን ይቀመጥበታል። ያን ጊዜ ብረቱ እንደ ባትሪ ድንጋዩ ነው የሚያገለግለው።"

"ብሩ ወደ መዳብ ተለወጠ ማለት ነው?"

"ኧረ ምን በወጣው! ሸሚዝ ለበሰ እንጂ ብር ያው ብር ነው።"

ደብተሬን እንኳ አላነሣሁም። "ዘይነባ! ወዴት ነው?" ሲል ድምፁ ከኋላዬ ይሰማኛል። ቤት ገብቼ ጉጠቱን ከወናፉ ጀርባ ፈለግሁ፣ ስባሪ ሸምበቆዬን ያዝኩ፣ ሳፋውን በሁለት እጄ አቅፌ ወጣሁ። ስሮጥ ይረጫል፣ ስራመድ ይረፍዳል። ወንፊቱ ላይ ሌላ ወንፊት ተጨመረበት።

ዋርካው ሥር ስደርስ አባቴ መሐል ቆሟል። ሼህ ያሲን "በል እንድሪስ" እያሉት ነው።

"አባ፣ እንዳትምል!"

ሁሉም ዞረ። "ነክቶታል" አልኩ። "ብረት ነክቶታል። እኔ ነኝ። ሸምበቆው ተሰብሮብኝ ጉጠቱን ከተትኩት። ከዚያ ዋሸሁህ።"

አባቴ ለመሐላ ያነሣውን እጁን አወረደ። እትዬ ንግሥት ግን ዘላ ተነሣች። "አባትሽን ልታድኚ ነው! ብረት ነው ብርን የሚያቀላው? ማንን ልታሞኚ ነው አንቺ?"

"እትዬ፣ አንገትዎ ላይ ያለውን ጠገራ ይስጡኝ።"

"ምን አልሽ?"

ሼህ ያሲን "ስጫት ንግሥት፤ እዚሁ ዓይናችን ሥር ነው" አሏት። እያጉረመረመች ከማተቧ ፈታ ሰጠችኝ። ሳፋውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና መጀመሪያ በስባሪ ሸምበቆዬ ይዤ ከተትኩት። "ሼህ፣ በመቁጠሪያዎ መቶ ይቁጠሩልኝ" አልኩ። ቆጠሩ። አወጣሁት፤ ነጭ ነው፣ እንዲያውም ወዙ ጠፍቶለት የበለጠ ነጥቷል። በየተራ አዩት። ቀጥሎ በጉጠቱ ያዝኩትና እንደገና ከተትኩት። ሼህ ያሲን ሳይታዘዙ መቁጠር ጀመሩ። ቲቸር ተሳስቶ ቢሆንስ? መቶ ሲሞላ አወጣሁት።

ቀልቷል። እንደ አልቦዎቹ ቀልቷል።

"ኡኡ! የእናቴ ብር!" ብላ እትዬ ንግሥት ራሷን ያዘች። ከዚያ የጮኸችበት ነገር ገባትና እጆቿን ከራሷ ላይ ቀስ ብላ አወረደች። ይህኛውን አያ እንድሪስ አላቀለጠው፣ አልነካው፤ ከራሷ አንገት የወጣ ነው። መጀመሪያ የሳቁት ሼህ ያሲን ናቸው።

ሁላችንም ተነሥተን ወደ ሱቃችን ሄድን። ቲቸር አድማሱም ተማሪ ጠፋችብኝ ብሎ እጁ በጠመኔ ነጭ እንደሆነ መንገድ ላይ አገኘን። አባቴ ከሦስት ቀን በኋላ ወናፉን ነፋ። ጠገራውንና አልቦዎቹን በእሳት አጥቁሮ፣ አዲስ ውሃ በጥብጦ ከተታቸው። ነጥተው ሲወጡ እትዬ ንግሥት ጎንበስ ብላ "አያ እንድሪስ፣ ይቅር በለኝ፤ አውፍ በለኝ" አለችው። "አውፍ ብያለሁ። ሙሉን ደስ ይበላት" አላት።

ቲቸር በየጠገራው ውስጥ ካለችው ጥቂት መዳብ ውሃው ውስጥ እንደምትቀር፣ ብረት ሲገባም ተመልሳ እንደምትወጣ እዚያው ቆሞ ሲያስረዳው አባቴ በጥሞና ሰማና "እኔ ደመኞች ናቸው ስል ነው የኖርኩት። ለካስ ብረቱ ራሱ ገብቶ የጠፋውን መዳብ ነው የሚያስመልሰው። ይህማ ሽምግልና ነው በለኛ!" ብሎ ሳቀ። ቲቸር ኪሱን ዳብሶ ብጣሽ ወረቀት አወጣና ጻፋት።

አባቴ ግን ያን ቀን ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረም። ሲመሽ አዲስ ሸምበቆ ሰንጥቆ፣ ጫፉን አለስልሶ፣ ሳፋው ጎን አስቀመጠልኝ።

በሳምንቱ የጠገበውን ውሃ በጀሪካን ሞልቶ ትምህርት ቤት መጣ። ዘመኑን ሙሉ ጓሮ የሚደፋው ያ ውሃ፣ ቲቸር በቁንጣሪ የሚያወጣው ያ ሰማያዊ ነገር ነበር። በሩ ላይ ሲታይ ቲቸር "ተነሡ!" አለ። ክፍሉ በሙሉ፣ "ወንፊት" ባዮቹም ጭምር፣ ብድግ አለ። አባቴ ደንግጦ "ወዴት ልትሄዱ ነው? አሁን መግባቴ እኮ ነው!" አለ። እንደዚያ ቀን ልቤ ሞልቶ አያውቅም።

ቲቸር "አያ እንድሪስ፣ ለልጆቹ አንድ ነገር ይንገሯቸው" አለው። አባቴ ጀሪካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አሲድ የበላቸውን ጣቶቹን አጣመረ። ወደ እኔ አላየም።

"ይህ ውሃ ክፉ አይደለም" አለ። "የቀላ ብር መልሶ ይነጣል፤ እሳት ማየት ብቻ ነው። ብቻ ሰው 'ብረት ነክቶታል?' ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ከነካው፣ ነክቶታል በሉ።"

ልጆቹ ስለ ኬሚስትሪ የተናገረ መስሏቸው በደብተራቸው ጻፉት። እኔም ጻፍኩት።